ግራ ነው ቀኝ?

ከሻሿ ቋጠሮ ፈትታ አወጣች፣
ከመቶ ብር ጋራ ተጣጥፋ የኖረች፣
የጥፍር እኩያ፣ አንዲት ጥቁር ነጋቲፍ።
«ወንድሜ ነው» አለች ሐዋ ሮብሌ፤ «ዋይስ፣ የባቡር ፍሬን ያዥ።
ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ፣ በልጅነቱ ድንጋይ የመታው።
እኔ ቀኙ ነው እላለሁ፤ ደሃቦ፣ ታላቄ፣ ግራው ነው ትል ነበረ፤
ባለፈው ረመዳን ሞተች፤ ክርክሩ ግን እኔ ጋ ቀረ።
አንተ ኮምፒዩተር አለህ።
ፍረድ።»

ቤቴ ከዚራ ነው፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤
ትንሽ ነገር በቅርብ ሲያዩት፣ የጎረቤት ሳል እንኳ ያናውጣል።
ስለዚህ ሌሊት ጠበቅሁ።
ቬንትሌተሩን አጠፋሁ፤ ድሬ ላይ፣ በሰኔ፣ ይህ ቀልድ አይደለም፤
ሸሚዜን በግንባሬ አሰርሁ፤ ላብ ፊልሙ ላይ ቢወድቅ የሚመልሰው የለም።

ማክሮ የሚሉት ሌንስ የሦስት ወር ኪራይ ይበላል።
ያለኝን አሮጌ ሌንስ ገለበጥሁት፣
ፊቱን ለካሜራው፣ ጀርባውን ለዓለም ሰጠሁት፣
በውሃ ቧንቧ ቁራጭ፣ በጥቁር ፕላስተር አሰርሁት።
የተገለበጠ ሌንስ ሩቁን አያውቅም፤ ተራራ ብታሳየው ጭጋግ ይልሃል፤
ሦስት ጣት ላይ ግን
የትንኝ እግር ፀጉር ይቆጥራል።

ከሥር የስልኬን መብራት፣ በላዩ ከዘይት ጄሪካን የቀደድሁት ነጭ ፕላስቲክ።
ፊልሙ ቋጠሮ ውስጥ ኖሮ ጎብጧል፤
መሐሉ ሲጠራ ዳሩ ይቀልጣል፣
ዳሩን ስከተል መሐሉ ያመልጣል።
መስታወት ብጭንበት ቀለበት ቀለበት፣ እንደ ናፍጣ በኩሬ ላይ።
መስታወቱን ተውሁት።
ከፊልሙ ሥር ወረቀት እያነባበርሁ፣ አንድ ቅጠል፣ ደግሞ አንድ ቅጠል፣
ቆጣሪውን አስር ሰከንድ ላይ ሞልቼ፣
እጄን አንስቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
ቀጭ።
ሰባት ጊዜ።
ከሰባቱ የጠራ የጠራውን ለቅሜ፣ እንደ ድሪቶ ሰፋሁት።

ገና ሰው አይደለም። ጥርሱ ጥቁር፣ ፀጉሩ ነጭ፣
ከሞተ ይልቅ ያልተወለደ ይመስላል።
አንድ ቁልፍ ነካሁ፤
ዋይስ ሮብሌ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ብቅ አለ፣
ከፉርጎ በር ላይ፣ ፀሐይ ዓይኑን እያጨናበሰው።
ጠባሳውም አለ፤ እንደ ሩዝ ፍሬ፣
በቀኝ ቅንድቡ ላይ።
ሐዋ ረታች! ስልኬን አነሳሁ፣ በዚያ ሌሊት ልደውል።

ኮፍያውን ያየሁት ያኔ ነው።
ኮፍያው ላይ ያለችው 4 ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

ፊልም ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ያብረቀርቃል፣ አንዱ ደብዛዛ ነው፤
እኔ የቸኮልሁ ሰው፣ ገልብጬ ነው ያስተኛሁት።
መለስሁት። 4 ቀና አለች።
ጠባሳው ግንባሩን ተሻግሮ ግራ ላይ ተቀመጠ።

ጠዋት መጣች። መብራት ሄዷል።
እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚው ላይ፣ እሷም ዝም፣ እኔም ዝም።
አንዲት ቁልፍ ናት፣ አልሁ በልቤ፤ ገልብጬ ባትም ማን ያውቃል?
ሐዋ ፊደል አልቆጠረችም፤
የዚያን ኮፍያ ቁጥር ግን ከሩቅ ትለያለች፣
ለገሃር ቆማ ስትጠብቀው አድጋለች።

መብራት መጣ።
ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ጠባሳው ላይ አሳረፈች፤
ከዚያ የራሷን ቅንድብ ዳሰሰች፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥላ ሌላውን።
«ገበታ ላይ እኔ ፊት ለፊቱ ነበርሁ» አለች፤
«ደሃቦ ጎኑ።»

ብዙ ቆየች።
«ሁለት አትምልኝ።»
«አንዱ ለማን?»
«ለደሃቦ ልጅ፣ ሽንሌ ላለችው። ከኔ ወገን ነበረች፤
ቀኝ ነው እያለች እናቷን ስንቴ አናደደች።
ትየውና ትታረም።»

ፊልሟን በጠርዟ ይዤ መለስሁላት፤
ከመቶ ብሩ ጋር አጣጥፋ ሻሿ ላይ ቋጠረቻት።
ይጎብጣል፣ አትቋጥሪው፣ ልላት ብዬ
ተውሁት።